በማይስን ስለሚሠሩ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች የተደረገ ንግግር



ስለ ጌጥ ምስሎች እንናገራለን ባልን ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ምነው፣ ቁም ነገር ጠፋ?» ብለው ስቀውብናል። ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን።

ቡና የምንጠጣበት ሲኒ ስሙ ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን «የቻይና» ማለት ነው። ነጩን ጠንካራ ሸክላ ቻይናውያን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሲሠሩት፣ ኤውሮፓውያን ግን በውድ ዋጋ ይገዙ ነበር እንጂ ምሥጢሩን አያውቁም ነበር። ምሥጢሩ በጀርመን አገር የተገኘው በእስረኛ እጅ ነው። ዮሐን ፍሪድሪክ ቤትገር የተባለ ወጣት የመድኃኒት ቀማሚ ተለማማጅ «ወርቅ መሥራት እችላለሁ» በማለቱ የሳክሶኒው ገዥ ብርቱው አውጉስጦስ ይዞ አሰረው። ወርቁ አልወጣም። ቺርንሃውስ ከተባለው ሊቅ ጋር ሲሞክር ግን በ1708 ዓ.ም. በኤውሮፓ አቆጣጠር ነጩ ሸክላ ወጣ። በ1710 ፋብሪካው በማይስን ከተማ፣ በኮረብታው ላይ ባለው ግንብ ውስጥ ተቋቋመ። ቤትገር በ1714 ተፈታ፤ በ37 ዓመቱም ሞተ። ገዥው ግን የቻይናውን ዕቃ መውደዱን አልተወም፤ በ1717 ለፕሩስያ ንጉሥ 600 ወታደሮች ሰጥቶ 151 የሸክላ ዕቃ ተቀበለ። ሰው በማሰሮ ተለወጠ እንበል?

በ1731 ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር የተባለ ቀራጭ ወደ ፋብሪካው ገባ። በዚያን ዘመን በመኳንንት ማዕድ ላይ ከስኳር የተሠሩ ምስሎች ይደረደሩ ነበር። ኬንድለርም በነዚያ ፈንታ የሸክላ እረኞችን፣ ሰፊ ቀሚስ የለበሱ ወይዛዝርትን፣ ሙዚቃ የሚጫወቱ ዝንጀሮዎችንና የኢጣሊያ ቴአትር ቀልደኞችን ሠራ። ሮኮኮ የሚባለው ስልት ቀጥ ያለ መስመር አይወድም፤ ሁሉ ነገር እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይጠማዘዛል። እኛን ደስ ያሰኘን ቀልደኛው አርሌኪን ነው፤ በጌቶች ማዕድ ላይ ቆሞ በጌቶቹ ላይ የሚያላግጥ ይመስላል።

አሠራሩ ግን ቀልድ አይደለም። ቀራጩ የሠራው ምስል ይቆራረጥና ለእያንዳንዱ ቁራጭ የጀሶ ቅርጽ ማውጫ ይበጅለታል። ራስ፣ ክንድ፣ ባርኔጣ ለየብቻ ወጥተው በቀጭን ጭቃ ይጣበቃሉ። ቀጥሎ 1400 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ እሳት አለ። በእሳቱ ውስጥ ምስሉ ከቁመቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ያጥራል፤ ጭቃውም ስለሚለሰልስ፣ የተዘረጋ ክንድ ድጋፍ ካልተደረገለት ይወድቃል፤ የብዙ ቀን ድካምም አብሮት ይጠፋል።

የወይዘሮዋ ጣት ከስንዴ ቅንጣት ይቀጥናል። ከምስሉ ሥር ሁለት የተመሳቀሉ ሰማያዊ ሰይፎች ተሥለዋል፤ የፋብሪካው ምልክት ናቸው። ያንን ጣት ያጣበቀው ሠራተኛ ስም ግን አልተጻፈም።