ሳሎን ውስጥ ያለችው ኳስ
(በዳግም መገናኛ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ጤና አንድ ነገር በል» ሲሉኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። ሐኪም አይደለሁም፤ የስፖርት መምህርም አይደለሁም። «ግድ የለም፣ ስለዚያች ኳስህ ተናገር» አሉኝ። ወሬው እነሱ ጋ መድረሱን ያወቅሁት ያኔ ነው። እንግዲህ ይዣት መጥቻለሁ፤ ያቻትና፣ ጥግ ላይ ያለችው ግራጫዋ። በእኛ ጊዜ ኳስ ማለት የዲፓርትመንት ግጥሚያ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የምንቀመጥባት ሆነች። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እኔም ስቄ ነው የጀመርኩት።

ነገሩ የመጣው በእናቴ በኩል ነው። አንድ ሌሊት ከአልጋዋ ተነሥታ ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሄድ የምንጣፉ ጠርዝ አደናቀፋትና ወደቀች። የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው ደህና ነበር፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይደግፋት አንድም ቀን አልሄደችም። እሷን ሳስታምም የራሴን ነገር ታዘብኩ። ካልሲ ቆሜ ማጥለቅ ካቆምኩ ስንት ጊዜዬ! ከዱካ ስነሣ እጄ ጉልበቴን ይፈልጋል። ቅዳሴ ላይ ግማሹን ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ ነው የምቆመው። ሰው ሲጠይቀኝ «ዕድሜ ነዋ» እላለሁ። ዕድሜም አለበት፤ ግን ሠላሳ ዓመት ከቢሮ ወንበር አለመነሣትም አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ፣ በተጨማሪም ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር እንዲሠራ ይመክራል። 65 የሞላው ደግሞ ሚዛን መጠበቅንና ጥንካሬን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ ቢያንስ 3 ቀን ይጨምራል። የእግር ጉዞውን ብዙዎቻችሁ ትሄዳላችሁ፣ እሰየው። የጡንቻውንና የሚዛኑን ግን ስንቶቻችን ነን የምንሠራው? ኳሷ የምትገባው እዚህ ላይ ነው።

ፋሽን የወለዳት እንዳትመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1963 አኩዊሊኖ ኮሳኒ የተባለ ጣሊያናዊ የፕላስቲክ ዕቃ አምራች ሠራት። ከዚያ ስዊዘርላንድ ውስጥ ትሠራ የነበረች ሜሪ ክዊንተን የምትባል እንግሊዛዊት ፊዚዮቴራፒስት ሕፃናትን ለማከም ተጠቀመችባት፤ ባዝል ላይ ደግሞ ሱዛን ክላይን-ፎገልባኽ ለአዋቂዎች አዋለቻት። አሜሪካኖቹ እዚያ አይተው ወሰዷትና «የስዊስ ኳስ» አሏት። ከሕክምና ክፍል ነው ወደ ጂም የወጣችው እንጂ ከጂም ወደ ሕክምና አልገባችም።

ስለ መጀመሪያ ቀኔ ልንገራችሁ፣ እናንተ እንዳትደግሙት። ኳሷን በፖምፓ ነፋሁ፤ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አቆምኩ፤ ዩቲዩብ ላይ መጀመሪያ የመጣውን ቪዲዮ ከፈትኩ። ያ ልጅ ኳስ ላይ በጉልበቱ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ይስቃል! እኔ በካልሲ፣ በሴራሚክ ወለል ላይ፣ ወደ ኋላዬ እንኳ ሳላይ ልቀመጥ አልኩ። ኳሷ ወደ ሶፋው ሄደች፤ እኔ ወደ ወለሉ። ክርኔ ሳምንት ሙሉ ሰማያዊ ሆነ። ባለቤቴ «እናትህን ልታስታምም ነው ወይስ አብረሃት ልትተኛ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ ልኩ። ብዙ አምራቾች ቁመቱ ከ1 ሜትር ከ55 እስከ 1 ሜትር ከ70 አካባቢ ለሆነ ሰው 55 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ 65 ሴንቲ ሜትር ያዛሉ። ከሣጥኑ ጽሑፍ የሚበልጠው መፈተኛ ግን መቀመጥ ነው፤ ስትቀመጡ ጉልበታችሁ እንደ ወንበር ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን ከሠራ ልካችሁ ነው። ስትገዙ ቢበሳ እንደ ፊኛ የማይፈነዳውን፣ ቀስ ብሎ የሚተነፍሰውን ዓይነት ጠይቁ። መጀመሪያ ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ አትንፉት፤ ትንሽ ለስለስ ያለ ኳስ ወለሉን ሰፋ አድርጎ ስለሚይዝ ብዙ አይንከባለልም። በባዶ እግር ወይም በማያንሸራትት ጫማ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ከጠረጴዛ ጠርዝ ራቅ ብላችሁ። ስትቀመጡ አንድ እጅ ኳሷን ይያዝ። በሌላኛው ጎን ከባድ ወንበር ይቁም።

ቪዲዮውስ? ርዕሱ ላይ «ለጀማሪዎች» ስለተባለ ብቻ አትመኑት። አስተማሪዋ ስለ ኳሱ ልክ ከተናገረች፣ እንቅስቃሴውን ከጎን ካሳየች፣ «ይህ ከከበዳችሁ እንዲህ አድርጉት» ካለች ያዟት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የእግር ጣቶቿን ኳስ ላይ ጭና ፑሽ አፕ ከጀመረች ግን ዝጉት፤ ለእኛ አልተሠራም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ የሚሆን አንድ ቪዲዮ መርጣችሁ መጀመሪያ ሻይ እየጠጣችሁ ዝም ብላችሁ እዩት። ሲሰለቻችሁ እንኳ ወር ያህል እሱኑ ደጋግሙት። ኔትወርክም መብራትም እንደምታውቁት ነው፤ አውርዳችሁ ብታስቀምጡት ይሻላል። ስልኩን ወለል ላይ አታስቀምጡት፤ ወንበር ላይ ይሁን። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ዳሌያችሁን ባነሣችሁበት ሰዓት ስክሪን ለማየት አንገት አይዞርም፤ ያኔ በጆሮ ብቻ ስሙ። ካልደረሳችሁባት አቁሟት፤ አስተማሪዋ አትቀየምም።

ሁሉም «ኮር፣ ኮር» ይላሉ። ባለቤቴ ምንድነው ስትለኝ አንድ ሰው ለቀልድ ሆድሽን ሊመታሽ ሲል የምታደርጊው ነገር ነው አልኳት፤ ወዲያው ገባት። ሆድ ጠበቅ ይላል፣ ትንፋሽ ግን አይያዝም። ደም ግፊት ያለብን ሰዎች በተለይ ትንፋሽ አምቀን እንዳንታገል።

በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት የሠራሁት መቀመጥ ብቻ ነው ብል ታምኑኛላችሁ? እግር ከፈት፣ እጅ ጭን ላይ፣ ዳሌን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ አድርጎ ማወዛወዝ። ከዚያ አንድ ተረከዝ ማንሣት፤ ከዚያ ሙሉ እግር፣ 5 እስኪቆጠር። ቀላል ይመስላል፤ ሞክሩትና ጭናችሁ ሲንቀጠቀጥ ታዩታላችሁ። ቀጥሎ ግድግዳው መጣ፤ ኳሷን በወገብና በግድግዳ መካከል አድርጎ፣ እግርን አንድ እርምጃ ወደ ፊት አውጥቶ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይገባ እስከ ግማሽ መውረድና መውጣት፣ 8 ጊዜ። ከዱካ እንደ ልብ ያስነሣኝ ይሄኛው ነው። ሦስተኛው በጀርባ ተኝቶ ባቶቹን ኳሷ ላይ ጭኖ መቀመጫን ማንሣት ነው። ኳሷ ወደ ጉልበት ስትጠጋ ይቀላል፤ ወደ ተረከዝ ስትሸሽ ይከብዳል። ፕላንኩን የጀመርኩት ከ2 ወር በኋላ ነው፣ እሱም በጉልበቴ ተንበርክኬ።

የአጥንት መሳሳት ያለባችሁ ወደ ፊት የሚያጎብጡትን የሆድ እንቅስቃሴዎች ተዉ። ወገባችሁ እስከ እግር ድረስ የሚያደነዝዛችሁ፣ የሚያዞራችሁ፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ ደግሞ ከኳሷ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። በወንበር ፋንታ ቀኑን ሙሉ ኳስ ላይ የሚቀመጡም አሉ፤ እኔ አልወደድኩትም፣ ሲደክመን ጎብጠን ነው የምንቀመጠው።

ምን አተረፍክ ትሉኛላችሁ። ክብደቴ ያው ነው፤ ቦርጩም እንደምታዩት አልሄደም። ካልሲዬን ግን ቆሜ አጠልቃለሁ። ባለፈው ዐቢይ ጾም ስግደቱን ሰው ሳይዘኝ ነው የተነሣሁት። እናቴ ከአልጋዋ ሆና ታየኛለች፤ ከፊዚዮቴራፒስቷ ጋር ተነጋግረን እሷም አሁን ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ተረከዟን ከእኔ ጋር ታነሣለች። ስትደክም «በቃ ዝጋት ያቺን ሴትዮ» ትለኛለች፣ ቪዲዮዋን ማለቷ ነው።

አሁን ሻይ ሊመጣ ነው መሰለኝ። መሞከር የምትፈልጉ ጫማችሁን አውልቃችሁ ወደዚህ ጥግ ኑ፤ ኳሷን ከኋላ እኔ እይዝላችኋለሁ።