የመንትያ ጥጆቹ ምስጢር
አቅራቢ፦ ኩላሊት የተለገሰለት ሰው ቀዶ ጥገናው ቢሳካለትም ዕድሜ ልኩን በየቀኑ የሚውጠው መድኃኒት አለ። መድኃኒቱ የሰውነቱን በሽታ የመከላከል አቅም ያዳክማል። ካቋረጠው ደግሞ የገዛ ነጭ የደም ሴሎቹ አዲሱን ኩላሊት እንደ ወራሪ ቆጥረው ያጠቁታል። ታዲያ ሰውነት እንግዳውን አካል እንደ ቤተሰብ እንዲቀበል ማስተማር ይቻላል?

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ፍንጩ የመጣው ከከብቶች ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 አሜሪካዊው ሬይ ኦወን መንትያ ጥጆችን ሲመረምር፣ በአንዱ ደም ውስጥ የሌላውንም ሴሎች አገኘ። በእናታቸው ማህፀን ሳሉ ደም ተጋርተዋልና አንዱ የሌላውን ሴል አይዋጋም! በ1953 ደግሞ በለንደን ፒተር ሜዳዋርና ባልደረቦቹ ገና ላልተወለዱ አይጦች የሌላ ዝርያ አይጥ ሴሎችን ሰጧቸው። አይጦቹ ካደጉ በኋላ የዚያን ዝርያ ቆዳ ሲተከልባቸው ተቀበሉት። ሜዳዋር በ1960 የኖቤል ሽልማት ተጋራ።

ለአዋቂ ሰውስ? በቦስተን፣ የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች ኩላሊቱን ከዚያው ለጋሽ መቅኔ ጋር አብረው ሰጡ። በ2008 ስለ 5 ታካሚዎች ባወጡት ዘገባ፣ 4ቱ መድኃኒቱን አቁመውም ኩላሊታቸው ሥራውን ቀጥሏል፤ የአንዱ ግን ከሽፏል። እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ የለጋሹ የደም ሴሎች ከታካሚዎቹ ደም ከጠፉ በኋላም ሰውነታቸው ትምህርቱን አለመርሳቱ ነው።

ለመቅኔው የሚደረገው ዝግጅት ግን ከባድ ነው፤ አደጋም አለው። ስለዚህ ኩላሊት የተተከለላችሁ አድማጮቻችን፣ እባካችሁ መድኃኒታችሁን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታቋርጡ።