አካውንቲንግ የተማረው አማካይ



የስፖርት ጋዜጠኛ በአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመራቂዎች ፊት ቆሞ እንዲናገር ሲጋበዝ የሚያወራውን ለማግኘት ሊቸገር ይችላል። እኔ አልተቸገርኩም። ጥሪው እንደደረሰኝ አንድ ሰው ትዝ አለኝ፤ የእናንተኑ ትምህርት ተምሮ ዲፕሎማውን የያዘ፣ ዓለም ግን በሌላ ሙያ ያወቀው ሰው። ንጎሎ ካንቴ ይባላል። የምጠራቸው ዓመቶችና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከእንግሊዝ በጠባብ ባሕር የምትለይ ቡሎኝ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በ2010 አንድ የ19 ዓመት ወጣት የዚያችን ከተማ ክለብ ተቀላቀለ። የተመደበው ለሁለተኛው ቡድን ነበር። ወደ ልምምድ የሚመላለሰው በእግር እየተገፋ በሚሄድ ትንሽ ስኩተር ነው። ልምምዱ ሲያበቃ ደግሞ ደብተሩን ይከፍታል። ኳስ እንጀራ ትሆነው እንደሆነ ማንም ዋስትና ስላልሰጠው የሁለት ዓመቱን የአካውንቲንግ ትምህርት ተምሮ ጨረሰ። እዚህ ከተቀመጡት ወላጆች መካከል ልጃቸውን «መጀመሪያ ወረቀትህን ያዝ» ያላሉት ጥቂቶች ይመስሉኛል፤ ካንቴም ያ ምክር የገባው ወጣት ነበር።

ካንቴ በ1991 ፓሪስ ውስጥ፣ ከማሊ ከመጡ ወላጆች ተወለደ። ያደገው ከከተማዋ በስተምዕራብ ባለችው ሩዌይ ማልሜዞን ነው። በስምንት ዓመቱ ሱሬን የሚባለውን የሰፈር ክለብ ተቀላቀለ፤ በ11 ዓመቱ አባቱን አጣ፤ በዚያው የሰፈር ክለብም እስከ ጉልምስናው ደጃፍ ቆየ። ትልልቆቹ አካዳሚዎች አይተውት አልፈዋል። ምክንያቱ ቁመቱ ነበር። አሁንም ቢሆን 1 ሜትር ከ70 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወደ እናንተ ሙያ የሚያስገባን በር ይህ ነውና። የአካዳሚዎቹ መልማዮች ሰነፎች አልነበሩም። ለመለካት የሚቀለውን ለኩ፦ ቁመትን፣ ጡንቻን፣ የተቆጠረ ጎልን። የዚህ ልጅ ሥራ ግን ያልተፈጠረ ነገር ነበር። ወደ አጥቂው ሊደርስ ሲል መንገድ ላይ የቀረ ኳስ፣ ከመጀመሩ በፊት የጠፋ መልሶ ማጥቃት፣ ግብ ጠባቂው ሳያውቀው ያለፈ አደጋ። ያልደረሰ ኪሳራ በየትኛው ዓምድ ይመዘገባል? ዴቢት ነው ክሬዲት? ለብዙ ዓመታት የእግር ኳሱ መዝገብ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ቦታ አልነበረውም፤ ስለዚህም ሠሪው በደረጃ ሳይሆን በአቀበት ነበር የወጣው።

በግንቦት 2012 ለቡሎኝ ዋናው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን አደረገ። ክለቡ ግን በዚያው የውድድር ዘመን ከሁለተኛው ሊግ ወረደ። ካንቴ ቀጣዩን ዓመት በሦስተኛው እርከን ተጫወተ። በ2013 ካን የሚባለው ክለብ ወሰደው፤ የሁለተኛውን ሊግ 38 ጨዋታዎች አንድም ሳያመልጠው ተጫውቶ ክለቡን ወደ ሊግ 1 አሳደገ። በሦስተኛው ሊግ ሜዳ የነበረው ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ፓሪስ ሴንት ዠርሜንን ይገጥም ጀመር።

ያን ጊዜ የሚቆጥር ሰው መጣ። የእንግሊዙ ሌስተር ሲቲ የምልመላ ኃላፊ የነበረው ስቲቭ ዋልሽ ኳስ የሚያስጥሉ ተጫዋቾችን በቁጥር ሲያጣራ ይህ ስም ደጋግሞ ከላይ ተገኘ። ዋልሽ አዲሱን አሠልጣኝ ክላውዲዮ ራኒየሪን ያንኑ ስም እየጠራ ወተወተው። በነሐሴ 2015 ካንቴ በ5.6 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሌስተር ገባ።

ቀጥሎ የሆነውን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቴሌቪዥን ፊት የማትጠፉት ታስታውሳላችሁ። አወራራጆች ሌስተር ዋንጫ እንዲያነሳ የሰጡት ግምት 5000 ለ1 ነበር። በ81 ነጥብ፣ ከአርሰናል በ10 ነጥብ ርቆ ሻምፒዮን ሆነ። ካንቴ በዚያ የውድድር ዘመን 175 ጊዜ ኳስ ነጠቀ፤ በሊጉ ይህን ያህል የነጠቀ የለም። 156 ጊዜ ደግሞ የተቃራኒን ቅብብል አቋረጠ። ደምሩትና ለተሰለፈባቸው 37 ጨዋታዎች አካፍሉት፤ በአንድ ጨዋታ ወደ ዘጠኝ ይጠጋል። ዋልሽ ቡድናችን መሐል ሜዳ ላይ ሦስት ተጫዋች አለው፣ ድሪንክወተር በመሐል፣ ካንቴ በግራና በቀኝ እያለ ያወራ ነበር።

ግን ሩጫው ብቻ አይደለም። ብዙ የሚሮጥ አማካይ ሞልቷል። የካንቴ ችሎታ የሚጀምረው ከሩጫው በፊት ነው። ኳሱን የያዘው ተጫዋች ቀና ብሎ የሚያቀብለውን ሰው ሲፈልግ ካንቴ ትከሻውንና የቆመበትን እግር ያያል፤ ከእግሩ ሳይወጣ ኳሱ የት እንደሚያርፍ ገምቶ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ይነሳል። ሲደርስ አይጋፋም። ቁመቱ ለመጋፋት አይፈቅድለትም፤ ሸርተቴም ቢሆን የመጨረሻ አማራጩ ነው። ቆሞ ይጠጋል፣ ተጫዋቹ ኳሱን ትንሽ ከእግሩ ሲያርቅ ጠብቆ በጫፍ እግሩ ያወጣታል። አካዳሚዎቹ ጉድለት ብለው የመዘገቡት ቁመት እዚህ ላይ ይጠቅመዋል፤ ለመሬት የቀረበ ሰውነት ቶሎ ይቆማል፣ ቶሎም ይዞራል። የነጠቃትን ኳስ ደግሞ ይዟት አይዞርም፤ ለቅርቡ ሰው፣ በቀጥታ፣ ወዲያው። ይህ የመጨረሻው ክፍል ብዙ ጊዜ ሳይመሰገን ይታለፋል፤ ለእኔ ግን ከመንጠቁ እኩል ነው። ነጥቆ መልሶ የሚያስነጥቅ አማካይ ቡድኑን ያደክማል እንጂ አያሳርፍም።

በ2016 ወደ ቼልሲ ሄደና በዓመቱ እንደገና የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ግብ ጠባቂዎችን ትተን፣ በተለያዩ ሁለት ክለቦች በተከታታይ ሁለት ዓመት ይህን ዋንጫ ያነሳ ተጫዋች ከኤሪክ ካንቶና ወዲህ አልነበረም። የሄደበት ሌስተር በዚያው ዓመት 12ኛ ሆኖ ጨረሰ። ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚመርጡት የዓመቱ ኮከብ ሽልማትም ለእሱ ተሰጠ።

በ2018 ደግሞ አሠልጣኙ ማውሪዚዮ ሳሪ መሐሉን ለጆርጂኒዮ ሰጥቶ ካንቴን ወደ ቀኝ ፊት ገፋው። የዓለም ዋንጫ ያነሳ የ27 ዓመት ሰው አዲስ ቦታ እንደ ጀማሪ ተማረ። ትምህርቱ ከሦስት ዓመት በኋላ ታየ። በሻምፒዮንስ ሊጉ ግማሽ ፍጻሜ፣ በሪያል ማድሪድ ላይ፣ በሁለቱም ጨዋታዎች የጨዋታው ኮከብ ተባለ፤ ያን ጊዜ ሲነጥቅ ብቻ ሳይሆን ኳሱን ይዞ በመሐል ሲሰነጥቃቸው አየነው። በግንቦት 29 ቀን 2021 በፖርቶ ከተማ፣ በፍጻሜው፣ ማንቸስተር ሲቲ ሮድሪንም ፈርናንዲኒዮንም ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ ያለ ተከላካይ አማካይ ገባ። ቼልሲ 1 ለ0 አሸነፈ፤ የፍጻሜውም ኮከብ ካንቴ ሆነ።

ተመራቂዎች፣ ከነገ ጀምሮ በየመሥሪያ ቤቱ ምን እንደሚቆጠርና ምን እንደማይቆጠር ከሚወስኑት መካከል ናችሁ። መጋዘን ውስጥ ሌባው ሳይገባ በሩን የሚዘጋ ሰው ታገኛላችሁ። ስህተቱ ደመወዝ መክፈያው ላይ ሳይደርስ ጠቁማ የምታስቀር ጸሐፊ ታገኛላችሁ። ስማቸው በየትኛውም ሪፖርት ላይ የለም። ስለ አንድ እግር ኳስ ተጫዋች ይህን ያህል ያወራሁት እነሱን እንድታዩልኝ ነው።

በመጨረሻ ወደ ሞስኮ ልውሰዳችሁ፤ ሐምሌ 15 ቀን 2018፣ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ። ፈረንሳይ ክሮኤሺያን 4 ለ2 አሸነፈች። ካንቴ ግን በሁለተኛው አጋማሽ መጀመሪያ ላይ ተቀይሮ ወጥቶ ነበር፤ ሆዱን ታሞ እንደነበር የቡድን ጓደኞቹ በኋላ ተናገሩ። ዋንጫዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር እሱ ለመጠየቅ አፍሮ ዳር ቆመ። ያየው በእሱ ቦታ ተቀይሮ የገባው ስቲቨን ንዞንዚ ነው። ዋንጫዋን ለእሱ እንዲሰጡት የጠየቀለት ንዞንዚ ነበር። በመስከረም ወር ፓሪስ አጠገብ ባለው ስታድ ደ ፍራንስ ድሉ ሲከበር፣ ጓደኞቹ ለእሱ ያወጡትን ዘፈን ከሕዝቡ ጋር ዘፈኑለት፤ እሱም በመካከላቸው ቆሞ እያፈረ ሳቀ።