መጪው ስብሰባችን ሐረና ይሁን
(በዓመታዊው የእራት ምሽት የቀረበ ንግግር)



በየዓመቱ አዳራሽ ተገናኝተን፣ በልተን ጠጥተን እንለያያለን። ደስ ይላል። ግን ለመጪው ዓመት አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ባሌ ሄደን የሐረናን ጫካ በእግራችን እናቋርጥ።

4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ከሳነቴ እንነሳለን። እዚያ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ይታያል። ቁልቁል ስንወርድ ጅብራው ይቀርና አስታው ይተካል፤ ከዚያ ቀርከሃው። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለች፤ ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ አገር የላትም። ዝቅ ሲባል ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና ከትልልቅ ዛፎች ሥር በቅሎ ይገኛል። መንገዱ ገደልና ጭቃ ነው። አንበሳም ስላለ ያለ አካባቢው መሪ ንቅንቅ የለም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መስከረም 2016 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዝገብ ብቻውን ግን መጥረቢያ አያስቆምም። ጫካው ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል፣ ቡና የሚለቅም፣ ከብት የሚያሰማራ ሰው አለ። ቆሞ ያለው ዛፍ ካልጠቀመው መሬቱን ለእርሻ ሲመነጥር «ተው» የምንልበት አፍ የለንም። ለመሪና ለፈረስ የምንከፍለው ገንዘብ ትንሽ ቢሆንም በቀጥታ እጁ ይገባል።

መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ። እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን የአንድ ተማሪ መሳፈሪያ እንቻል። ምዝገባው ዛሬ በሩ ላይ ነው።

ጫማችሁን ከአሁኑ አለማምዱት።