መሪ የጨበጠ ይጠየቃል

ተመራቂ ጀልባ ነጂዎች፤

ጥርባ ሐይቅ ዳር ቆሞ ስለ ጀልባ ግጭት መናገር የራቀ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ሐይቋ ከዳር እስከ ዳር ትታያለች። ነገ ግን አንዳንዶቻችሁ ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደቅ በሚመላለሱ ጀልባዎች እንጀራችሁን ትፈልጋላችሁ። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ያም ሆኖ የሞተር ጀልባና የደንገል ታንኳ በአንድ መንገድ ይገናኛሉ።

የታንኳ ቀዛፊ የሚቀመጠው ከውሃው እምብዛም ከፍ ሳይል ነው። ማዕበል ሲነሳ ይሰወራል፤ ሲመሽ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። የእናንተ ጀልባ በኃይል ሲነዳ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳና ፊት ለፊት ያለውን ውሃ ይጋርድባችኋል። ታንኳው ያለው እዚያው ቢሆንስ? ካልታያችሁ ፍጥነት ቀንሱ፤ ከፊት የሚመለከት ሰው አስቀምጡ። «አላየሁትም» የሚልን ነጂ አልቀበለውም፤ ማየት ሥራው ነውና።

እናንተ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የፈረሰኞች ማኅበር ያለው ሕዝብ ልጆች ናችሁ። ፈረስ ጋላቢው ቢዘናጋ እንኳ ገደሉን አይቶ ይሸሻል። ጀልባ ግን ዓይንም ፍሬንም የለውም፤ ሞተሩን ብታጠፉትም ይንሸራተታል።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ዓለም አቀፍ የባሕር ላይ ግጭት መከላከያ ደንብ ለባሕር መርከቦች ቢጻፍም ለሐይቅም ይበጃል። ሁለት የሞተር ጀልባዎች ፊት ለፊት ከመጡ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። መንገዳቸው የሚቆራረጥ ከሆነ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው መንገድ ይለቃል። ቀድሞ የሚያልፍም ከሚቀደመው ይርቃል። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ይህን ነው፦ መታጠፉ በጊዜ ይሁን፣ ሌላው ነጂ ከሩቅ እስኪለየው ድረስም ሰፊ ይሁን። ጥቂት ጥቂት እያሉ መሪ መነካካት ሌላውን ነጂ ያደናግረዋል። ለታንኳ ደግሞ፣ በየትኛውም በኩል ይምጣ፣ እናንተ ልቀቁ። እሱ በክንዱ ጉልበት ነው የሚሄደው፤ ሞተር ያለው እናንተ ጋ ነው።

ወላጆች፣ ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። የተጫነ ጀልባ ቶሎ አይታጠፍም። የበዓል ቀን ወደብ ላይ ስትደርሱ ልጆቻችሁ «ሞልቷል» ካሏችሁ፣ «አንድ ሰው ብቻ» ብላችሁ አትለምኗቸው።