ራዲዮዋ ዝም ስትል



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ራዲዮ ነው። ስለምታወራው ወሬ አይደለም፤ ስለ ዕቃዋ ነው። ከደባርቅ እስከ ዳባት፣ ከዚያም አልፎ በስሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት መንደሮች፣ ዝም ያለች ራዲዮ ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ማየት ብርቅ አይደለም። «ሞተች» ይባላል። አንዳንዱ ይዟት ገበያ ይወርድና በርካሽ ይሸጣታል። የገዛት ሰው ዝገቷን ፍቆ በማግሥቱ ያናግራታል። የገብስ ዋጋ ስንት እንደዋለ ሳይሰማ ገብሱን የሚሸጠው የመጀመሪያው ባለቤት ነው።

እኛ በዕድሜ ልጆቻችሁ ነን፤ ስለ እርሻ ልናስተምራችሁ አንችልም። እስቲ እንጠይቃችሁ፤ ማረሻው መሬት አልነክስ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ሞፈሩን ሰብራችሁ አትማግዱትም። መጀመሪያ ማረሻው ዶልዱሞ እንደሆነ ታያላችሁ። ቀጥሎ ወገሉ ላልቶ እንደሆነ ትመለከታላችሁ። አንዱን ነገር አስተካክላችሁ አንድ ትልም ትሞክራላችሁ። ራዲዮም የምትመረመረው እንዲሁ ነው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ አንድ ነገር ባንድ ጊዜ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከነካካችሁ የትኛው እንዳዳናት አታውቁም።

ቀላሉ ነገር የባትሪ ድንጋይ ነው። ድንጋይ እንበለው እንጂ ድንጋይ አይደለም። የተለመደው ርካሹ ዓይነት ውጪው ዚንክ የሚባል ብረት ነው። መሐሉ ላይ የከሰል ዘንግ ቆሟል፤ በሁለቱ መካከል ጥቁር እርጥብ ዱቄት አለ። ዚንኩ ቀስ በቀስ ሲበላ ኤሌክትሪክ ይወጣል። በጣም ሲሳሳ ይበሳና ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይወጣል። ብረቱን የሚያዝገው ይኸው ፈሳሽ ነው።

አዲስ ድንጋይ 1 ቮልት ተኩል አለው። ቮልት የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ ነው፤ ስሙ የመጣው ከጣሊያናዊው ሊቅ ከአሌሳንድሮ ቮልታ ነው። 4 ድንጋይ የምትበላ ራዲዮ እንግዲህ 6 ቮልት ታገኛለች። ግን 4ቱ ድንጋዮች እንደ ጥማድ በሬ ናቸው። አንዱ ከደከመ የቀሩትንም ይዟቸው ይቀራል። ስለዚህ አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ።

አሁን ክዳኑን ክፈቱ። በሂሳብ ትምህርት የተማራችሁት የመደመር ምልክት (+) ውስጥ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የድንጋዩ ጉብ ያለው ጫፍ ወደዚያ ምልክት ይዙር። አንዱ እንኳ ተገልብጦ ከገባ ራዲዮዋ ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ ድምፅዋ ይሰልላል። ቀጥሎ ድንጋዩ የሚነካቸውን ብረቶችና ሞላዎች ተመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ካለ ያ ዝገት ነው፤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በቢላዋ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ፋቁት፤ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትንኩ። ሞላው ከላላ ጥቂት ሳብ አድርጉት። እንደ እኛ አስተያየት ሞተች ከተባሉት ብዙዎቹ እዚህ ላይ ይነሣሉ።

ይህ ካልሆነ የደከመውን ድንጋይ ለዩ። ከጎረቤት አንድ ደህና ድንጋይ ተዋሱና በየተራ በአንዱ ቦታ እያስገባችሁ ሞክሩ። የትኛውን ስትተኩ ድምፅዋ እንደሚነሣ ጆሯችሁ ይነግራችኋል። አምስት ደቂቃ ያህል ጮኻ ቀስ እያለች የምትጠፋ ከሆነ ግን ሁሉም ደክመዋል።

የአገራችን ብርድም ነገር አለበት። ደባርቅ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ድንጋዩ ውስጥ ያለው ሥራ ይዘገያል፤ ደህናው ድንጋይ የሞተ ይመስላል። ጧት ከመጣል በፊት ከጋቢ ሥር፣ ከገላ አጠገብ አሙቁት። እሳት ዳር ግን አታስቀምጡ፤ ሊፈነዳ ይችላል።

ድንጋዩ ደህና ሆኖ ሹሽ ብቻ ካለች ድንጋይ በከንቱ አትግዙ። ሞገድ መለወጫውን ልጅ ነክቶት ይሆናል። መካከለኛ ሞገድ ስትሰሙ ራዲዮዋን ራሷን ዙሪያዋን ቀስ ብላችሁ አዙሯት። ውስጧ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ አለ፤ ጎኑን ወደ ጣቢያው ሲሰጥ ድምፁ ይጎላል፤ ጫፉን ሲሰጥ ይጠፋል። ለአጭር ሞገድና ለኤፍ ኤም አንቴናዋን ምዘዙ። ኤፍ ኤም ገደል ከጋረደው አይደርስም፤ ይህ የራዲዮዋ ጥፋት አይደለም፤ ወደ ገመገሙ ወጣ በሉ። መካከለኛው ሞገድ ደግሞ ከቀን ይልቅ ሌሊት ርቆ ይሰማል።

የድምፅ ማጉያውን ስትጠመዝዙ ከተንኳኳ አቧራ ገብቶበታል። አጥፏትና ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ጠምዝዙት።

ስለ እጅ ባትሪም አንድ ቃል እንበል። ድንጋዩን፣ ምልክቱንና ዝገቱን እንደ ራዲዮ እዩ። የሽቦ አምፖል ከሆነ አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰች ሌላ አምፖል ያሻዋል። ነጭ ብርሃን የሚሰጡት ያሁኖቹ ግን እንዲህ አይመረመሩም። ፋኖስ የሚያጨስባችሁ ካላችሁ ክሩን አስተካክላችሁ ቁረጡ፤ ከሥሩ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ከጥላሸት አጽዱ። ላምባ የምትሞሉት አጥፍታችሁ፣ ሲበርድ ነው። ቤንዚን ፈጽሞ አይገባበትም፤ ቤት ያቃጥላል፤ ሰውም ይገድላል።

ሌላው ሥራ የጠጋኝ ነው። በመብራት ኃይል የምትሠራ ዕቃ ከሆነች ገመዷን ሳትነቅሉ ክዳኗን አትንኩ። ጠጋኝ ዘንድ ስትሄዱ «ሞተች» ብቻ አትበሉት። ድንጋይ ለውጠናል፣ ዝገቱን ፍቀናል፣ ሹሽ ትላለች፣ ጣቢያ ግን አታመጣም በሉት፤ እንዳትረሱት ወረቀት ላይ ጻፉት። ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ። ለወጥኩት የሚለውንም አሮጌ ዕቃ እንዲመልስላችሁ ጠይቁት።