ሰሌዳው ላይ ያለው ቻርጅና ደመናው ላይ ያለው



ከአራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ስንመረቅ ዕጣዬ መካነ ሰላም እንደወጣ የምታስታውሱ አላችሁ። «የቦረናን ብርድ እንዴት ልትችለው ነው?» ብላችሁኝ ነበር። ቻልኩት፤ ወደድኩትም።

እዚያ ፊዚክስ ሳስተምር የኤሌክትሮንን ቻርጅ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ 1.6 ሲባዛ በ10 ኔጋቲቭ 19 ኮሎምብ። «ቻርጅ ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ይሄዳል እንጂ አይፈጠርም፣ አይጠፋም» አልኩ። ልጆቹ ገለበጡ፤ ፈተናውንም አለፉ።

በዚያው ዓመት አንዱ ተማሪዬ ከብት ሲጠብቅ ዝናብ መጣበትና ዛፍ ሥር ተጠለለ። መብረቅ መታው። ለቅሶ ስደርስ አባቱ፣ «መምህር፣ ይህ ነገር እናንተ ከምታስተምሩት ውስጥ የለም ወይ?» አሉኝ። ምን ልበላችሁ! ነበረ። እኔ ግን ሰሌዳውን ከዛፉ ጋር አገናኝቼው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን የምጀምረው ከባና ነው። በደረቅ ብርድ ሌሊት ባና ሲገፈፍ ጣ ጣ ይላል፤ በጨለማ ብልጭ ይላል። ቀጥሎ እስኪርቢቶ ፀጉራቸው ላይ አሽተው ብጥስጣሽ ወረቀት ያስነሳሉ። ፀጉሩ ለፕላስቲኩ ኤሌክትሮን ሰጠ፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ሆነ። ደመና ውስጥም የበረዶ ቅንጣቶች ይጋጫሉ፤ ቀላሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ ሆነው ሽቅብ ይወጣሉ፣ ከባዶቹ ኔጋቲቭ ሆነው ከታች ይቀራሉ። ልዩነቱ ሲበረታ መብረቅ ይሆናል። የባናውም የደመናውም ቻርጅ አንድ ነው።

ከዚያ መቁጠር እናስተምራለን። ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ 3 ሴኮንድ ማለት 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 30 ሳይሞላ ከተሰማ ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና መግባት፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት። ቤት ከራቀ ከብቸኛ ዛፍና ከጉብታ መራቅ፣ ተራርቆ ዝቅ ያለ ቦታ መያዝ። ይሄ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ሜዳ ላይ ሙሉ መተማመኛ የለም፤ ይህንንም አልደብቃቸውም።

እናንተ ዛሬ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ ተመራማሪዎች ናችሁ። የእኚያ አባት ጥያቄ የኔ ብቻ አይመስለኝም።

አሁን መስኮቱ ላይ ብልጭ ሲል ክፍሉ ጸጥ ይልና ልጆቹ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» ይላሉ። እኔም ጠመኔዬን ይዤ አብሬ እቆጥራለሁ።